ቸነፈር የተጠለፈበት ቀሚስ

ቀሚሱ ጥሬ ሐር ነው። በዋልነት ልጣጭ ተነክሮ ቡናማ ሆኗል፤ አሰፋፉ በ1665 የለንደን ሴቶች ይለብሱት የነበረውን ይከተላል። ጨርቁ ላይ ከዚያው ምዕተ ዓመት የተረፉ የጥልፍ ቁርጥራጮች ተጥፈዋል። ውስጡ በደረቀ ላቬንደር ተሞልቷል፤ ዙሪያውም የላቬንደር እስር ተደርድሯል። ውበቱ የጠራው ተመልካች ጠጋ ይላል፣ መግለጫውን ያነባል፣ ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያምረዋል። ጥልፉ የየርሲኒያ ፔስቲስን ዲኤንኤ ይዟል፤ አውሮፓን በተለያዩ ዘመናት ያራቆተው የቸነፈር ባክቴሪያ ማለት ነው።

ሥራው «የቸነፈር ቀሚስ» ይባላል። እንግሊዛዊቷ አርቲስት አና ዱሚትሪዩ በ2018 ሠራችው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዱሚትሪዩ በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በብራይተን ትኖራለች። መርፌና ክር፣ ያረጀ ልብስ፣ ባክቴሪያና የላቦራቶሪ ኢንኩቤተር የሙያ መሣሪያዎቿ ናቸው። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባክቴሪያን ሙሉ ዘረመል እያነበበ ሕክምናን ለማዘመን ከሚሠራ የምርምር ቡድን ጋር ለዓመታት ሠርታለች። ጓንት አጥልቃ፣ የላቦራቶሪ ጋዋን ለብሳ ባክቴሪያውን በገዛ እጇ ታሳድጋለች።

ተሕዋሱን ከየት አመጣችው? እንግሊዝ አገር ከ1920 ጀምሮ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን እየሰበሰበ፣ ቁጥር እየሰጠ የሚያኖር «ናሽናል ኮሌክሽን ኦፍ ታይፕ ካልቸርስ» የሚባል ብሔራዊ ክምችት አለ፤ ዛሬ የሚገኘው በሰሜን ለንደን ኮሊንዴል ሰፈር ነው። በመዝገቡ ቁጥር 1 ሆኖ የሰፈረው ኧርነስት ኬብል ከተባለ ወታደር የተወሰደ የሺጌላ ባክቴሪያ ነው፤ ወታደሩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ፈረንሳይ ውስጥ በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ቁጥር 4842 ደግሞ የፔኒሲሊኑ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ከራሱ አፍንጫ ያወጣው ነው። ሰውየው የገዛ አፍንጫውን ነዋሪ ለብሔራዊው ክምችት ማስረከቡ ነው እንግዲህ። ዱሚትሪዩ እዚህ ተቋም ላቦራቶሪ ገብታ፣ ከተገደለ የቸነፈር ባክቴሪያ ዲኤንኤውን አውጥታ ጥልፉ ላይ አሳረፈችው።

ልብሱ በሽታ ያስተላልፋል ወይ? አያስተላልፍም። ዲኤንኤ የባክቴሪያው የሥራ መመሪያ ነው፤ መመሪያውን የሚያነብና የሚፈጽም ሕያው ሕዋስ ከሌለ ብቻውን አይራባም፣ ሰውም አያሳምም። ተመልካች ይህን አውቆም ቢሆን ቅር ይለዋል። አርቲስቷም የምትፈልገው ይህን ቅር መሰኘት ይመስላል።

ቀሚሱ ላይ ያለ ምክንያት የገባ ነገር የለም። ሐሩ ቸነፈርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ካመላለሱት መንገዶች አንዱ የነበረውን የሐር ጎዳና ያስታውሳል። ዋልነቱ የመጣው ከኒኮላስ ካልፔፐር ነው፤ በ1616 ተወልዶ በ1654 የሞተው ይህ የለንደን ዕፀ መድኃኒት አዋቂ ዋልነትን ለቸነፈር ያዝዝ ነበር። ላቬንደሩ ደግሞ የዘመኑ መከላከያ ነበር፤ ሕዝቡ በሽታው ከከረፋ አየር ይነሣል ብሎ ስለሚያምን ሽታ የሚመልስ ነገር ይዞ ይዞራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ካረገፈ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻው ተጠራርጎ የሚጨሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚታጠነው በዚያው ግምት አይደለምን? በ1665 ለንደን ውስጥ በቸነፈር ሞቱ ተብለው በከተማዋ መዝገብ የሰፈሩት 68,596 ናቸው። የታሪክ ተመራማሪዎች ትክክለኛው ቁጥር ወደ 100,000 ይጠጋል ይላሉ።

ስለዚያ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ አንድ መንደር ለዚህ ቀሚስ ይበልጥ ይቀርባል። በማዕከላዊ እንግሊዝ ኢያም በምትባል መንደር በ1665 ክረምት ማብቂያ ላይ ከለንደን የጨርቅ ጥቅል መጣ። የተላከው ለልብስ ሰፊ ነበር። ጥቅሉ ውስጥ ቁንጫ ነበረበት፤ ጨርቁን የፈታው የሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ በሴፕቴምበር ሞተ። ከዚያ በኋላ መንደርተኛው ከካህኑ ከዊሊያም ሞምፔሰን ጋር ተማክሮ ራሱን ከዓለም ዘጋ። ምግብ የሚያመጡ ሰዎች ወሰኑ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ ዋጋው ኮምጣጤ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጥላቸዋል። ከዓመት በላይ በቆየው ወረርሽኝ ወደ 260 ሰው አለቀ። ሞት ወደ ኢያም የገባው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሊሰፋ ነበር።

የዱሚትሪዩ ሥራ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተሕዋስ ታሪክ ሲነገር ፂማም ሊቃውንት፣ ማይክሮስኮፕና የኖቤል ሽልማት ይቀድማሉ። ሰውና ተሕዋስ የኖሩት ግን ቤት ውስጥ፣ በአንሶላው፣ በመጋረጃው፣ በአቧራው፣ በሕፃኑ ልብስ ላይ ነው፤ ያንን ሲያጥቡ፣ ሲጠግኑ፣ ሲጠልፉ የኖሩት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ተሕዋስን በጥልፍ መተረክ ጌጥ ፍለጋ ሊመስል ይችላል። ታሪኩን ወደ ተፈጸመበት ቤት መመለስ ነው ቢባል ግን ይበልጥ ያስኬዳል።

ሳይንሱ ራሱ ከጓዳ የተበደረው አለ። በ1881 ጀርመን ውስጥ ቫልተር ሄሰ የተባለ ሐኪም ባክቴሪያ የሚያሳድግበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ፣ በባክቴሪያውም እየተበላ አስቸግሮታል። መላ ያገኘችለት አሜሪካ የተወለደችው ባለቤቱ ፋኒ ሄሰ ናት። ከባሕር ሣር የሚወጣውን አጋር ለምግብ ማርጊያ ትጠቀምበት ስለነበር እሱን ሞክር አለችው። አጋር ቀዝቅዞ እንደረጋ የአጥንት መረቅ ይንቀጠቀጣል፤ በሰውነት ሙቀት ግን አይፈታም። የባክቴሪያ ተመራማሪው የሮበርት ኮኽ ላቦራቶሪ ወዲያው ተቀበለው፤ ይኸው እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ባክቴሪያ የሚያድገው በአጋር ላይ ነው። ዘዴው የፋኒን ስም አልያዘም። አጋሩ የሚፈስበት ክዳናም ሳህን ግን በ1887 ባስተዋወቀው በዩሊዩስ ፔትሪ ስም ይጠራል። ፍርዱን ለአንባቢ መተው ይሻላል።

ዋልነት ያዝዝ የነበረው ካልፔፐር የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ዕድሜው 37 ነበር። ዱሚትሪዩም ከቸነፈሩ አስቀድማ ለዚህ በሽታ አንድ ሙሉ ዐውደ ርዕይ ሰጥታለች። በ2014 ምዕራብ ለንደን ውስጥ በዋተርማንስ የኪነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተው ይህ ዐውደ ርዕይ «ሮማንቲኩ በሽታ» የሚል ስም ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ገርጥታ፣ ከስታ፣ ጉንጯ በትኩሳት ቀልቶ የምትሞት ወጣት የውበት ምሳሌ ነበረች፤ ገጣሚና ሠዓሊ በነቀርሳ መሞቱ የስሜቱ ጥልቀት ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ደም ሲተፋ የከረመ ሰው ግን ስለ ውበት የሚያስብበት አቅም ያገኘ አይመስልም።

ከዐውደ ርዕዩ ሥራዎች አንዱ የሱፍ ሳንባዎች ናቸው። ትናንሽ ሳንባዎች፣ ሱፉ በመርፌ እየተወጋ እየጠበቀ ቅርጽ የያዘ። ሱፉ ውስጥ ከቤት የተጠረገ አቧራና ከተገደለ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የወጣ ዲኤንኤ ተቀላቅሎበታል። የሥራው ስም «አቧራ ባለበት አደጋ አለ» ነው። በአንድ ወቅት በሽታውን የሚያመጣው የቤት አቧራ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ስለዚህ ልጅ ሲታመም ጥፋቱ ቤቷን ባልጠረገችው እናት ይላከክ ነበር። ዛሬ በሽታው ሕመምተኛ ሲያስል፣ ሲናገር ወደ አየር በሚወጣ ረቂቅ ጠብታ እንደሚተላለፍ ይታወቃል። ሳንባዎቹ ደስ የሚሉ፣ አሻንጉሊት መሳይ ናቸው። ያ ክስ መርፌ በገባ ቁጥር ከሱፉ ጋር አብሮ የተወጋ ያህል ይሰማል።

ቀለምም የዚህ ታሪክ ባለቤት ነው። ሮበርት ኮኽ ማርች 24 ቀን 1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ሲያስታውቅ፣ ባክቴሪያውን ሊያይ የቻለው በጨርቅ ማቅለሚያ ኢንዱስትሪ ቀለሞች ስላቀለመው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የባየር ኩባንያ ተመራማሪ ጌርሃርት ዶማክ ከማቅለሚያ ኬሚካሎች ቤተሰብ የሆነ ቀይ ውህድ ባክቴሪያ የገባባቸውን አይጦች ሲያድን አየ። ፕሮንቶሲል ተባለ፤ ውጤቱም በ1935 ታተመ። በዚያው ዓመት የዶማክ ልጅ ሂልደጋርድ እጇን መርፌ ወግቷት ቁስሉ መረቀዘ፤ ክንዷ ሊቆረጥ ደረሰ። አባትየው ፕሮንቶሲሉን ሰጥቶ አተረፋት። ዱሚትሪዩ ይህን ቀይ መድኃኒት ለዚሁ የነቀርሳ ሥራዋ ማቅለሚያ አድርጋዋለች። ከማቅለሚያ ቤተሰብ ወጥቶ መድኃኒት የሆነው ውህድ ወደ ጨርቅ ተመለሰ።

በ2011 የሠራችው ባለብዙ ቁራጭ የአልጋ ልብስ ግን ለማየት ከሁሉም ይቀላል። ስሙ «የኤምአርኤስኤ ኩዊልት» ነው። ኤምአርኤስኤ ሜቲሲሊንን ጨምሮ ብዙ አንቲባዮቲኮችን የለመደ፣ በየሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ቁስል የሚያመረቅዝ የስታፊሎኮከስ ዝርያ ነው። አርቲስቷ አራት ማዕዘን ጨርቅ ታመክንና አጋር ላይ ታነጥፈዋለች። አጋሩ ተራ አይደለም፤ ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ ከሌላው ለይተው ለማወቅ የሚጠቀሙበት፣ ባክቴሪያው ሲያድግበት ሰማያዊ የሚያደርግ ማቅለሚያ ያለበት ነው። ባክቴሪያው ይዘራል። አንቲባዮቲክ የጠጣ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ክብ ወረቀት በየቦታው ይቀመጣል። ከዚያ ሳህኑ ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ሲከፈት ጨርቁ ሰማያዊ ሆኗል። መድኃኒቱ የሠራበት ቦታ ላይ ወረቀቱን የከበበ ነጭ ክብ ቀርቷል፤ ያልሠራበት ቦታ ላይ ሰማያዊው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ደርሷል። ሐኪም ይህን ክብ በማስመሪያ ለክቶ «ይህ መድኃኒት ይሠራለታል፣ ይህ አይሠራለትም» ይላል። ዱሚትሪዩ ጨርቁን በእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ከታ ባክቴሪያውን ከገደለች በኋላ ከሌሎቹ ቁራጮች ጋር ትሰፋዋለች።

ውጤቱ አልጋ ላይ ሊነጠፍ የሚችል፣ ሰማያዊና ነጭ ጌጥ ያለው ልብስ ነው። ጌጡን የሳለው መድኃኒቱና ባክቴሪያው ያደረጉት ጦርነት ነው። ሥራው አልጋ ልብስ መሆኑም እንዲያው አልተመረጠም፤ ይህ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ሰው የሚያገኘው የሆስፒታል አልጋ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ገደማ የመጣ ሌላ ሥራዋ ስለ ባክቴሪያ ንግግር ነው። ባክቴሪያዎች ኬሚካል እየላኩ ይነጋገራሉ፤ ቁጥራቸው በቂ መሆኑን ሲያረጋግጡ አብረው ይነሣሉ። ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም ከሚባለው ባክቴሪያ የተገኘ አንድ የላቦራቶሪ ዝርያ አለ፤ እሱ ራሱ መልእክት መላክ አይችልም፣ የሌላውን ሲሰማ ግን ሐምራዊ ይሆናል። ዱሚትሪዩ ይህን ዝርያ ነጭ በነጭ የተጠለፈ ልብስ ማቅለሚያ አደረገችው። ልብሱ ላይ የሚታየው ሐምራዊ እድፍ መልእክቱ የደረሰበት ቦታ ነው።

በባክቴሪያ መሣልን የጀመረችው እሷ አይደለችም። ፍሌሚንግ ትርፍ ጊዜውን በውኃ ቀለም የሚያሳልፍ፣ የለንደኑ ቼልሲ አርትስ ክለብ አባል ነበር። ላቦራቶሪው ውስጥ አጋር ላይ ባለሪና፣ ወታደር፣ ቤት፣ ልጇን የምታጠባ እናት ይሥል ነበር፤ ቀለሞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱ ዝርያ በአንድ ሌሊት፣ ሌላው በቀናት ስለሚያድግ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያብቡ ሰዓታቸውን አስልቶ መዝራት አለበት። እንግዳ ቀለም ያላቸውን ተሕዋስያን እየፈለገ ማከማቸቱ በ1928 ሻጋታ የወደቀበትን ሳህን ከመጣል እንዳዳነው፣ ከዚያም ፔኒሲሊን እንደተገኘ የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ይጥማል፤ ማረጋገጫ ግን አይገኝለትም።

የአሜሪካ የማይክሮባዮሎጂ ማኅበር በ2015 የአጋር ሥዕል ውድድር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የፍሌሚንግ ጨዋታ ዓለም አቀፍ ሆኗል። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፉት ሳይንቲስቱ መህመት በርክመንና ሠዓሊዋ ማሪያ ፔኒል ኮቦ፣ የነርቭ ሕዋሳትን በባክቴሪያ ሥለው ነበር። እውነት ለመናገር፣ ከዚህ ውድድር ከሚወጡት ሥዕሎች ብዙዎቹ ያስደንቁና ይረሳሉ። አበባው፣ ዓሣው፣ የከተማው ሥዕል በዘይት ቀለም ቢሠራ ኖሮ ማንም ቆሞ አያየውም ነበር። ተሕዋሱ እዚያ ውስጥ ቀለም ብቻ ነው። የዱሚትሪዩ ኩዊልት ላይ ግን ሰማያዊው ከየትኛውም የቀለም ቱቦ ቢመጣ ሥራው ይፈርሳል።

ፍሌሚንግ ለቀይ የሚጠቀምበት ባክቴሪያ የራሱ ጉድ ያለው ነው። ሴራሺያ ማርሴሰንስ ይባላል። በ1819 ጣልያን ውስጥ ፓዶቫ አጠገብ የገበሬው የበቆሎ ገንፎ ደም መስሎ ሲቀላ አገሬው የሰይጣን ሥራ ነው አለ፤ ባርቶሎሜዮ ቢዚዮ የተባለ የመድኃኒት አዋቂ መርምሮ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳየ፣ ስምም ሰጠው። በ1950 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህንኑ ባክቴሪያ፣ ጉዳት የለውም ብሎ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ረጨው፤ ዓላማው የጀርም ጦር መሣሪያ በነፋስ እንዴት እንደሚዛመት ማጥናት ነበር። የከተማው ሕዝብ አልተነገረውም። ዛሬ ሴራሺያ አቅም ያጣ ሕመምተኛን ሊያጠቃ እንደሚችል ይታወቃል።

ይኸው ቀይ ባክቴሪያ በ2004 አንድ አርቲስት ላይ መዘዝ አመጣ። ስቲቭ ከርትዝ በኒውዮርክ ግዛት በበፋሎ ከተማ የዩኒቨርሲቲ መምህርና «ክሪቲካል አርት አንሳምብል» የተባለ የአርቲስቶች ቡድን አባል ነበር። ሜይ ወር ላይ ባለቤቱ ሆፕ በተኛችበት ልቧ ቆሞ ሞተች። ከርትዝ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ ደወለ። የመጡት ፖሊሶች ቤቱ ውስጥ የፔትሪ ሳህንና የላቦራቶሪ ዕቃ አዩ፤ ለዐውደ ርዕይ ያዘጋጀው ነበር። በማግሥቱ ኤፍቢአይ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይዞ ደረሰ፤ ቤቱ ተዘጋ፣ መጻሕፍቱና ኮምፒውተሩ ተወሰዱ። ከባክቴሪያዎቹ አንዱ ሴራሺያ ነበር። የጀርም ሽብር ክስ ባይቆምም ባክቴሪያው በተገዛበት መንገድ የማጭበርበር ክስ ቀረበበት፤ ዳኛው ፋይሉን የዘጉት በኤፕሪል 2008 ነው። አራት ዓመት፣ ሐዘኑ ሳይወጣለት።

ስለዚህ በዚህ መስክ የሚሠራ አርቲስት «ማን ፈቀደልህ?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጥም። ዱሚትሪዩ ጥያቄውን ራሱን መድረክ ላይ አውጥታዋለች። ከብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት የሥነ ምግባር ፕሮፌሰር ከቦቢ ፋርሳይድስ ጋር የመሠረተችው ፕሮጀክት «እመኑኝ፣ አርቲስት ነኝ» ይባላል። አንድ አርቲስት ሊሠራ ያሰበውን አስቸጋሪ ሥራ ይዞ ይቀርባል፤ ለዚያ ቀን የተሰየመ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በሕዝብ ፊት ይመረምረዋል፣ ይከራከራል፣ ይወስናል። አዳራሹ የሚሞላው ለውሳኔው ብቻ አይደለም፤ ተዘግቶ የሚካሄድ ስብሰባ እንዴት እንደሚያስብ ማየት በራሱ ትርዒት ነው።

እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያስፈልገው ሥራ በኋላ የራሷ ሆነ፤ ታሪኩ ግን ከጦርነቱ ዘመን ይጀምራል።

ፌብሩዋሪ 1941፣ ኦክስፎርድ። አልበርት አሌክሳንደር የተባለ የ43 ዓመት ፖሊስ ራድክሊፍ በተባለው ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ጽጌረዳ ቧጥሮት ነው የሚለው ታሪክ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ በቦምብ ድብደባ ወቅት ቆስሎ ነው የሚሉም አሉ። ፊቱና ራሱ መግል ይዟል፤ አንድ ዓይኑ ወጥቷል። የተመራማሪዎቹ የሃዋርድ ፍሎሪና የኧርነስት ቼይን ቡድን እስከዚያ ድረስ ሻጋታውን በሆስፒታል የሽንት ዕቃ ሳይቀር እያሳደገ ያጠራቀመውን ፔኒሲሊን ይወጉት ጀመር። በአንድ ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ ግን ጥቂት ነው። ከሽንቱ የወጣውን ፔኒሲሊን መልሰው እያጣሩ ሰጡት፤ እሱም አለቀ። ማርች 15 ሞተ።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ እንግሊዝ ውስጥ ልብስ በራሽን ሆነ። የመንግሥትን የቁጠባ ደንብ ያሟላ ልብስ «ሲሲ41» የሚል ምልክት ይታተምበታል። ሕዝቡ ባለው እንዲብቃቃ፣ የተቀደደውን ጥፎ እንዲለብስ ይነገረው ጀመር፤ «ባለህ ተብቃቃ፣ ጥፈህ ልበስ» የሚል ይዘት ያለው መፈክርም የጦርነቱ ዘመን መለያ ሆነ።

ዱሚትሪዩ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ፔኒሲሊን ለሰው የተሰጠበትን 75ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ያንን ምልክት የያዘ የጦርነት ዘመን የሴት ሙሉ ልብስ ወሰደች። ቀዳዳውንና እድፉን የጣፈችው በሐር ነው፤ ሐሩ ላይ ያለው ሮዝ ቀለም ያደገበት የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ራሱ ተጥፏል። ሃይፋ በሚገኘው የቴክኒዮን ተቋም ከሣራ ጎልድበርግና ከሮኢ አሚት ጋር ሆና፣ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቁረጫ ከባክቴሪያው ውስጥ ከአምፒሲሊን የሚያስመልጠውን ጂን አወጡ። በተቆረጠው ቦታ ሌላ የዲኤንኤ ቁራጭ ገባ። ቁራጩ በዲኤንኤ አራት ፊደላት የተጻፈው ያው የጦርነቱ መፈክር ነው። አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ስለሆነ ባክቴሪያው ከመድኃኒቱ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ፣ መድኃኒቱ ሊገድለው ወደሚችልበት ዘመን ተመልሷል ማለት ነው።

ከሥራዎቿ ሁሉ የላቀው ይህ ነው ብሎ መሟገት ይቻላል። ልብሱ፣ ተሕዋሱ፣ መድኃኒቱና መፈክሩ አንዱ አንዱን ይፈታል፤ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ትርጉም ያጣሉ። ስለ ፔኒሲሊን ዘመን ቁጠባ ሲወራ ደግሞ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት እየተገዙ ለጉንፋን የሚዋጡበት አገር አንባቢ ሊቆጨው ይገባል። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ካፕሱሉ አይነካውም፣ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ግን ያስለምዳል።

ከዚያ በኋላ ዱሚትሪዩ ከዲጂታል አርቲስቱ ከአሌክስ ሜይ ጋር ወደ እርሾ ዞራለች፤ ቪየና ካሉ ሳይንቲስቶች ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲመገብ በዘረመል ስለተቀየረ እርሾ ሠርተዋል። እንደ ቀሚሶቹ ልብ የሚይዝ አይመስልም። ቤተሰብ ያለቀበት፣ ሰው የለበሰው ነገር አይደለም፤ ተስፋው ከታሪኩ ይበልጣል።

የቀሚሶቹ ነገር ግን ለእኛ አገር ሠዓሊዎች ቅርብ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ዛሬም የዓለም ገዳይ ነው፤ በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰው ይዞ 1.25 ሚሊዮን ገድሏል። ኢትዮጵያ ሸክሙ ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት። ከዚህም በላይ የራሳችን የሚባል የባክቴሪያ ዝርያ አለን፤ ተመራማሪዎች ሰባተኛው የዘር ሐረግ የሚሉት፣ በዋናነት ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ ወልዲያ አካባቢ የተገኘና በ2013 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት የተገለጸ። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል ግቢ ጥግ የሚገኘው አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ሲሠራ ኖሯል። በዚያው ከተማ ከእሱም የሚቀድም የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ጥለት የሚሠራ ሸማኔ፣ ቀሚስ የሚጠልፍ እጅ፣ ሥዕል የተማረ ወጣት ሞልቷል። ከትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ የተቋሙን በር ያንኳኳ፤ ተቋሙም ይክፈትለት።